ዲግሪና ዲፕሎማ ነርስ በአንድ ዋርድ፦ ሥራውን እንዴት ነው የምትከፍሉት?

ሲስተር ሄድ

ጤና ይስጥልኝ ባለሙያዎች። መሀል አዲስ አበባ ያለ የመንግሥት ሆስፒታል ነው፤ የውስጥ ደዌ ዋርድ፣ 30 አልጋ። ጠዋት 5 ነርስ ይገባል፤ አብዛኛውን ጊዜ 2 ዲግሪና 3 ዲፕሎማ። ሌሊት 2 ብቻ። እስካሁን ሥራ የሚከፈለው በተግባር ነው። አንዱ ቫይታል ሳይን (ግፊት፣ የልብ ምት፣ ትንፋሽ፣ ሙቀት)፣ አንዱ መርፌ፣ አንዱ የሚዋጥ መድኃኒትና ቁስል፤ ዲግሪዎቹ ራውንድ (ከሐኪም ጋር ታካሚ መዞር) እና ቻርት (የታካሚ መዝገብ) ይይዛሉ። ዲፕሎማዎቹ «እኛ እንሮጣለን፣ እነሱ ይጽፋሉ» ይላሉ። ዲግሪዎቹ ደግሞ «አራት ዓመት የተማርነው አንሶላ ለመቀየር አይደለም» ባይ ናቸው። በዚህ መሀል ሁለት ታካሚ የአልጋ ቁስል አወጣ፤ ማገላበጥ የማን ሥራ እንደነበር ሲጠየቅ ባለቤት ጠፋ።

በደረጃ መከፈል ያለበት የቱ ነው? የሌለበትስ? ሐኪም ማን ይጥራ? የተረኛ ርክክቡስ እንዴት ይሁን? «ተስማሙ፣ ተከባበሩ» የሚል ምክር ጠግበናል፤ አሠራር ንገሩኝ።

ከማትሮን ቢሮ

ሲስተር፣ የአልጋ ቁስሉ መልሱን ይዞታል። ሥራ በተግባር ሲከፈል ዝርዝሩ ላይ ስም ያልተጻፈለት ነገር ሁሉ ይወድቃል፤ ማገላበጥ፣ አፍ ማጽዳት፣ ሽንት መለካት፣ ምሳውን ያልነካውን ሰው ማየት። ሒሳቡም አይወጣም። ቫይታል ሳይን በወጉ ከተወሰደ ለአንድ ሰው 5 ደቂቃ ይፈልጋል፤ ለ30 ሰው 150 ደቂቃ። አንድ ነርስ 2 ሰዓት ተኩል ቆሞ ትንፋሽ አይቆጥርም። ታካሚው ሁሉ በደቂቃ 20 የሚተነፍስበት ቻርት የሚወለደው እዚህ ጋ ነው።

ዋርዱን ለሁለት ቡድን ክፈሉት። 2 ነርስ ያለበት 12 አልጋ፣ 3 ያለበት 18 አልጋ ይያዝ። በየቡድኑ አንድ ዲግሪ ይመራል፤ መሪውም በስሙ ታካሚ ይኑረው፤ 4 ብቻ፣ ግን ከባዶቹን። በመጀመሪያው ቡድን ለሁለተኛው ሰው 8፣ በሌላው ለቀሪዎቹ 7፣ 7 ይደርሳል። ቫይታሉ ከ20 እስከ 40 ደቂቃ ውስጥ ያልቃል። ስምና አልጋ ቁጥሩ ነጩ ሰሌዳ ላይ ይጻፍ፤ ስልክ ላይ ወይም ሄድ ነርሷ ደብተር ውስጥ ተደብቆ አይቅር።

በደረጃ የሚለየው ጥቂት ነው። አዲስ ገቢ ታካሚን መጀመሪያ መመርመር፣ የነርሲንግ ዳያግኖሲስ (የታካሚውን ችግር መለየት) እና ኬር ፕላን (የእንክብካቤ ዕቅድ) ማውጣት፣ ዕቅዱ ሠራ ወይስ አልሠራም ብሎ መገምገም የዲግሪው ነው፤ ሁኔታው በየሰዓቱ የሚለዋወጥ ታካሚም እንዲሁ። ካኑላ (የደም ሥር መርፌ ቱቦ)፣ ካቴተር (የሽንት ቱቦ)፣ ኤንጂ (በአፍንጫ ወደ ጨጓራ የሚገባ ቱቦ)፣ መርፌ፣ ቁስል ዲፕሎማውም የሠለጠነበት ነው። በተረፈ የሆስፒታላችሁን የሥራ መደብ ዝርዝር አውጥታችሁ አንብቡት። ግማሹ ጭቅጭቅ የሚነሳው አንብቦት በማያውቅ ሰው ነው።

አንሶላና ገላ ማጠብ በደረጃ አይከፈልም። የማይንቀሳቀስ ታካሚ በየ2 ሰዓቱ ሲገላበጥ ሁለት ሰው ያስፈልጋል፤ ሁለቱ ዲግሪና ዲፕሎማ ይሁኑ። ሲያገላብጡ ከወገብ በታች ያለውን አጥንት፣ ተረከዝና የዳሌ ጎን ያያሉ። ተጭነውት ሳይነጣ ቀይ ሆኖ የሚቀር ቆዳ ቁስል መጀመሩ ነው። በጠቆረ ቆዳ ላይ መቅላቱ ላይታይ ስለሚችል ሙቀቱንና ጥንካሬውን በእጅ ዳስሱ። ጀርባ ያላየ ሰው የሚጽፈው ኬር ፕላን ከሌላ ቻርት የተገለበጠ ነው።

አንድ ማሳሰቢያ፤ ትናንት የተመረቀ ዲግሪ ነርስ 15 ዓመት የሠራች ዲፕሎማ ያለችበትን ቡድን በማግሥቱ አይምራ። መጀመሪያ ከእሷ ጋር ይጣመር። ይህን መቀበል የሚከብደው ልጅ፣ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ደም ሥር ሲጠፋ ማንን እንደሚጠራ ያስብበት።

ትሮሊ ገፊ

በቡድን መክፈሉን እደግፋለሁ። መድኃኒት ላይ ግን ሦስት ነገር ልጨምር።

የመጀመሪያው፣ ያዘጋጀው ሰው ራሱ ይስጥ፣ የሰጠው ራሱ ይፈርም። «እኔ ልቅዳ፣ አንቺ ውጊ» የሚባለው ነገር ትሮሊው ላይ ስም የሌለው ሲሪንጅ ያስቀራል።

ሁለተኛው፣ ኢንሱሊን፣ ፖታሺየም ክሎራይድ፣ ሄፓሪን (የደም ማቅጠኛ) እና ደም ያለ ሁለት ሰው አይነኩም፤ ሁለተኛው ሰው ዲፕሎማም ሊሆን ይችላል። ግን ሒሳቡን ለብቻው ይሥራ። «10 ዩኒት ነው አይደል?» ብሎ መጠየቅ ማረጋገጥ አይባልም፤ «አዎ» ነው መልሱ። ኢንሱሊን በ1 ሚሊ 100 ዩኒት ነው፤ 10 ዩኒት ማለት 0.1 ሚሊ። የኢንሱሊን ሲሪንጅ አልቆ በተራ ሲሪንጅ ሲቀዳ 1 ሚሊ የሚሞላ አለ፤ ይህ አሥር እጥፍ ነው። ፖታሺየም በቀጥታ አይገፋም። የግሉኮሱ ከረጢት ውስጥ ከተጨመረ በኋላ ደጋግሞ መገልበጥ የግድ ነው፤ አለበለዚያ ከታች ተኝቶ መጀመሪያ የሚወርደው እሱ ይሆናል። በእጅ ደም ሥር በሰዓት ከ10 ሚሊኢኩቫለንት (የፖታሺየም መለኪያ) አይለፍ።

ደም ሲሰቀል ሁለቱም አልጋው አጠገብ ይቁሙ፤ ጠረጴዛ ላይ አመሳክሮ መምጣት አይበቃም። ታካሚውን «አቶ እገሌ ነዎት?» አትበሉት፤ ትኩሳት ያለበት ሰው ለሁሉም ስም «አዎ» ይላል። «ስምዎት ማን ነው? የአባትዎትስ?» በሉት። ከዚያ እስከ አያት ድረስ ከካርድ ቁጥሩ ጋር አስተያዩ። በአንድ ክፍል ሁለት «ከበደ ተሰማ» ማግኘት ብርቅ አይደለም። የመጀመሪያውን 15 ደቂቃ ቀስ ብሎ ይሂድ፣ አንዱ ከአጠገቡ አይራቅ። ከተጀመረ በ4 ሰዓት ውስጥ ማለቅ አለበት።

ሦስተኛው የሰዓት ጣጣ ነው፤ ከደረጃ ጋር አይገናኝም፣ ግን ዲግሪና ዲፕሎማውን ያጣላል። ሜዲኬሽን ሺት (የመድኃኒት መስጫ ቅጽ) ላይ «6–12–6–12» ሲጻፍ በፈረንጅም በእኛም አቆጣጠር ቢነበብ ሰዓቱ ያው ስለሆነ ማንም አይሳሳትም። በቀን ሁለት ጊዜ የሚሰጠው «6–6» ሲሆን ግን አንዱ ንጋት ላይ፣ ሌላው እኩለ ቀን ላይ ይሰጠዋል። ከዚያ «አልተሰጠም»፣ «ሰጥቻለሁ» ይጀመራል። ዋርዱ አንዱን አቆጣጠር መርጦ ሺቱ ራስጌ ላይ ይጻፈው።

የሌሊት ተረኛ

ከማትሮን ቢሮ የተባለው ለጠዋት ጥሩ ነው። ሌሊት በ2 ሰው ለ30 አልጋ ግን አይሠራም፤ 15፣ 15 ተከፋፍለን ብንይዝ፣ አንዱ ታካሚ ድንገት ሲብስበት የዚያ ነርስ ቀሪ 14 ታካሚ ማንም ሳያየው ያድራል። ሌሊት በተግባር መክፈል ግድ የሚሆንበት ሰዓት አለ። የሌሊቱ 6 ሰዓት መርፌ ለምሳሌ፤ አንዱ ትሮሊውን ይገፋል፣ ሌላው ከባዶቹን ይዞ ይዞራል። መድኃኒቱ ሲያልቅ ወደየአልጋቸው ይመለሳሉ። መርሃ ግብር ሲወጣ ደግሞ ሁለት ዲግሪ ወይም ሁለት አዲስ ሰው ባንድ ሌሊት አይመደቡ።

ማንም ያላነሳው ሦስተኛ ሠራተኛ አለ፤ አስታማሚ። ብዙውን ማብላት፣ ማጠብና መጸዳጃ ማድረስ የሚሠራው እሱ ነው፣ ግን ማንም አላስተማረውም። «ግሉኮሱ ቆመ» ብሎ መቆጣጠሪያውን ይከፍተዋል፣ ኦክስጅን ይጨምራል፣ በኤንጂ የሚበላውን ሰው በጀርባው አስተኝቶ ሾርባ ይሰጠዋል። ለአስታማሚው ሦስት ነገር ማሳየት የቡድኑ ሥራ ይሁን፦ ግሉኮሱንና ኦክስጅኑን አይነካም፣ ሲያበላ ራስጌው ቢያንስ 30 ዲግሪ ከፍ ይበል፣ ሽንት ሳይለካ አይደፋ። የግሉኮሱ ከረጢት ላይ ደግሞ ከላይ ወደታች ፕላስተር ለጥፉና በየሰዓቱ የሚደርስበትን ምልክት አድርጉ። 1000 ሚሊ በ8 ሰዓት ከሆነ በሰዓት 125 ነው። መስመሩ (የግሉኮሱ ቱቦ) በሚሊ 20 ጠብታ ከሆነ በደቂቃ 42፣ 15 ከሆነ 31። የመስመሩ ማሸጊያ ላይ ተጽፏል፤ ሳያዩ «40 አድርጊው» ማለት ልማድ ሆኗል። ምልክት ካለ ያለፈው ኮሪደር ሆኖ ያየዋል፤ ዲግሪም ዲፕሎማም፣ ጽዳትም ቢሆን።

ሲስተር ሄድ

አመሰግናለሁ፣ ሰሌዳው ነገ ይሰቀላል። ሐኪም መጥራቱን አላነሳችሁትም። አሁን ባለው አሠራር ዲፕሎማዋ ለዲግሪው ትነግራለች፣ እሱ አይቶ ይደውላል። በተጨማሪ፣ በኤክስቴንሽን ዲግሪያቸውን የጨረሱ ሁለት ዲፕሎማዎች አሉ፤ መደብ ስላልተከፈተ በድሮው ደመወዝ ናቸው። «ዲግሪ አለኝ፣ ግን የዲግሪ ሥራ አልሠራም» ይላሉ።

ከማትሮን ቢሮ

የመደቡ ጉዳይ የሰው ኃይል ነው፤ በጽሑፍ ጠይቁላቸው፣ ቅጂውን ፋይል ውስጥ አኑሩ። አልጋ ዳር እንዲፈታ ከተተወ ግን ታካሚ ላይ ያርፋል። እነዚያን ሁለቱን የኬር ፕላኑን ሥራ ከዲግሪዎቹ ጋር አጣምራችሁ ስጧቸው፤ በግዴታ አይሁን፣ ፈቃዳቸውን ጠይቁ። ሥራውን ሰጥቶ ስሙን መንፈግም ቅሬታ ይወልዳል፤ ስለዚህ ኬር ፕላኑ ላይ ፊርማቸው ይኑር።

ጥሪውን በተመለከተ፣ ያየው ይጥራ። ለመሪው መንገር አለ፣ ግን መሪው ራውንድ ላይ ከሆነ ወይም በ5 ደቂቃ ካልመጣ ያየችው ዲፕሎማ ቀጥታ ትደውላለች። ለዚህ ገደቡ በቁጥር ይጻፍ። ትንፋሽ በደቂቃ 25ና ከዚያ በላይ ወይም 8ና ከዚያ በታች፤ የደም ኦክስጅን 91 በመቶና ከዚያ በታች፤ የላይኛው ግፊት 90ና ከዚያ በታች፤ የልብ ምት ከ130 በላይ ወይም 40ና ከዚያ በታች፤ አዲስ መደናገር። ከእነዚህ አንዱ ብቻ ቢገኝ በቂ ነው። የቆየ የሳንባ ሕመም ላለበት የኦክስጅኑን ገደብ ሐኪሙ ለብቻ ይወስናል።

ስልኩ ላይ በኤስባር (ሁኔታው፣ የኋላ ታሪኩ፣ ግምገማው፣ የሚፈለገው) ቅደም ተከተል ይነገር። «ዶክተር፣ አልጋ 7 ይመልከቱልን፣ ትንሽ ደክሟል» ሲባል ሬዚደንቱ (ስፔሻሊቲ የሚማረው ሐኪም) «እሺ መጣሁ» ብሎ ይቀራል። እንዲህ ይባል፦ «ከውስጥ ደዌ ዋርድ ነው፣ አልጋ 7። የሳንባ ምች፣ ከገባ 2ኛ ቀኑ። ከአንድ ሰዓት በፊት ትንፋሹ 22 ነበር፣ አሁን 30፤ ኦክስጅን እየወሰደ 88። እየባሰ ነው ብዬ አስባለሁ፣ አሁኑኑ እንዲመጡ እፈልጋለሁ።» የተደወለበት ሰዓትና የተባለው መልስ ቻርቱ ላይ ይመዝገብ። በቃል የታዘዘ መድኃኒት ደግሞ መልሶ ተነቦ ይጻፍ።

አስታማሚው ወንዱን ሁሉ «ዶክተር»፣ ሴቷን ሁሉ «ሲስተር» ነው የሚለው። ድሬሰር፣ ጤና ረዳት፣ ክሊኒካል ነርስ፣ ሌቭል 4 እየተባለ የባለሙያው መጠሪያ ሲቀያየር እሱ አያውቅም፤ የሚጠራው አጠገቡ ያለውን ነው።

ሜክሲኮ ሰርቪስ

ስለ ርክክቡ እኔ ልመልስ። ብዙው ሰው ከተማ ዳር፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ፣ የካ አባዶ ነው የሚኖረው። የሠራተኛ ሰርቪስ ካመለጠው ሜክሲኮ የታክሲ ሰልፍ ይጠብቀዋል። ስለዚህ ርክክብ ጠረጴዛ ላይ «ሁሉም ሰላም ነው» ተብሎ ያልቃል። ሰውን ከመውቀስ ሰዓቱን ቁረጡለት፤ ገቢው ሰርቪስ ከሚነሳበት 30 ደቂቃ ቀድሞ ዋርድ ይግባ።

አልጋ ለአልጋ ዙሩ፣ ሁለቱም ቡድን በየራሱ በአንድ ጊዜ። ለከባዶቹ 2 ደቂቃ፣ ለቀሩት ግማሽ ደቂቃ። 18 አልጋ ላለው ቡድን 4 ከባድ ካለ 8 ደቂቃ፣ ለ14ቱ 7 ደቂቃ፤ በ15 ደቂቃ ያልቃል። የሚነገረው ስም፣ ስንተኛ ቀኑ፣ መስመሩ መቼ እንደተከፈተ፣ ከረጢቱ ውስጥ የቀረው፣ ከላቦራቶሪ የሚጠበቀው ነው። ከሁሉ በፊት ደግሞ ያልተሠራው። «የ8 ሰዓቱ ሴፍትሪያክሶን (አንቲባዮቲክ) አልተሰጠም፣ ከፋርማሲ አልመጣም» ማለት ነውር መሆኑ ይቅር። ነውር ሆኖ ሲቆይ ሰው ሳይሰጥ ይፈርማል፤ ወይም ሊሄድ ሲል ተጣድፎ፣ መስመሩን በሳላይን (የጨው ውሃ) ሳያጥብ ሪንገር ላክቴት (በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ) በሚሄድበት ላይ ይገፋዋል። ሪንገሩ ካልሲየም ስላለው መድኃኒቱ መስመሩ ውስጥ ይረጋል።

የሚያስረክበው ዲፕሎማ፣ የሚረከበው ዲግሪ ከሆነ ዲፕሎማዋ ትናገር፣ እሱ ይስማ። መሪው «እኔ ልንገርልሽ» እያለ አያቋርጣት። ከዚያ ከረጢቱን፣ የሽንቱን መጠንና የኦክስጅኑን ቁጥር አብረው ያያሉ፤ ሲጨርሱ ሁለቱም ፊርማቸውን ያኖራሉ፣ ሰርቪሱም ይደረሳል።