ጭምብሉን አድርጌ መተኛት አቃተኝ

እንቅልፍ ላይ ሳለሁ ትንፋሼ በሰዓት 52 ጊዜ ይቆራረጣል። ከ30 በላይ ከሆነ ከባድ ስሊፕ አፕኒያ ይባላል። አየር እየገፋ ጉሮሮን ክፍት የሚያደርገው የሲፓፕ ማሽን ታዘዘልኝ፤ ጭምብሉን ባጠለቅሁ ቁጥር ግን የምታፈን ይመስለኛል። ሌሊት ሳላውቀው አውልቄ እወረውረዋለሁ። አየሩን የሚያረጥበው ክፍል የአፌን ድርቀት ቀነሰልኝ፤ ፍርሃቱን ግን አልነካውም። ባለቤቴ «ታገስ» ትለኛለች፤ እርሷ እኮ የምትተኛው ያለ ቱቦ ነው!

አፍንጫ ቀዳዳ ላይ ብቻ የሚያርፈውን ትንሹን ጭምብል የሞከራችሁ፣ ለውጥ አለው? ቀን ቀን ነቅቶ እያጠለቁ መለማመድስ ይረዳል? የታችኛውን መንጋጋ ወደ ፊት የሚስበው የአፍ መሣሪያ እንደ እኔ ለባሰበት ሰው ይበቃ ይሆን? ባለፈው ሳምንት መኪና እየነዳሁ አንቀላፋሁ፤ ከዚያ ወዲህ ቁልፉ ባለቤቴ ዘንድ ነው።