መኪና በመኪና ለመጎተት ክብደቱና ፍሬኑ ላይ ሕጉ ምን ይላል?

ናቲ_ጎማው፦
ሰላም ቤተሰብ እንዴት ናችሁ። እንግሊዝ ነው ያለሁት፣ ሞተሯ የነከሰ አንዲት ትንሽ መኪና ገዝቻለሁ፣ መሪዋም ፍሬኗም ጎማዋም ደህና ነው ግን አትነሳም። 60 ማይል ያህል ወስጄ ሞተር ላስቀይርላት ነው። ባዶ ክብደቷ 1,050 ኪሎ ነው፣ የኔዋ መኪና ደግሞ ባዶዋን 1,450 ኪሎ ናት፣ ከኋላ መጎተቻ ጋንቾ ተገጥሞላታል። አንዱ ጓደኛዬ በካቦ እንጎትታት ይላል፣ ሌላው ደግሞ ያ ባለ ሦስት ማዕዘን ብረት አለ አይደል፣ እሱን ከፊቷ አስረህ ማንም ሳይቀመጥባት መጎተት ትችላለህ ይለኛል፣ ሦስተኛው ከ750 ኪሎ በላይ ከሆነ ክልክል ነው ብሎ አስፈራራኝ። የቱ ነው ትክክሉ? የሚያውቅ ካለ ዘርዘር አድርጎ ያስረዳኝ።

ጋሽ_ካምቢዮ፦
ናቲ ወንድሜ፣ መጀመሪያ ጠይቀህ መነሳትህ ጥሩ ነው፣ ብዙ ሰው መንገድ ላይ ከተያዘ በኋላ ነው የሚጠይቀው። ሦስተኛው ጓደኛህ ለእውነቱ ቀርቧል ግን ነገሩን አልጨረሰውም። 750 ኪሎ የሚባለው የመጎተት ጣሪያ ሳይሆን ያለ ፍሬን የመጎተት ጣሪያ ነው። እሱም ቢሆን 750 ወይም የጎታቿ መኪና ባዶ ክብደት ግማሽ፣ ከሁለቱ ያነሰው ነው የሚያዘው። ያንተ 1,450 ለሁለት ሲካፈል 725 ነው፣ ስለዚህ ፍሬን የሌለው ነገር ከ725 በላይ መጎተት አትችልም ማለት ነው። የገዛሃት ደግሞ 1,050 ናት። አሁን ያሉ መኪኖች 750 ኪሎ የሚሆኑት ከስንት አንዱ ናቸው፣ ስለዚህ መኪና ጎታች ሁሉ ዞሮ ዞሮ የፍሬን ጥያቄ ውስጥ ይገባል።

በብረቱ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። መኪናዋ በዛ ብረት ታስራ ሰው ሳይኖርባት ስትጎተት ሕጉ መኪና ብሎ አያያትም፣ ተሳቢ ሆናለች። ተሳቢ ከሆነች የተሳቢ ሕግ በሙሉ ይመለከታታል፣ ከ750 ኪሎ በላይ ስለሆነች በሁሉም ጎማ የሚሰራ ፍሬን ያስፈልጋታል፣ ፍሬኑ ደግሞ አንተ ስትይዝ አብሮ መያዝ አለበት፣ ከጋንቾው ብትላቀቅም በራሱ መያዝ አለበት። ፍሬን አላትኮ ትለኝ ይሆናል፣ አዎ አላት ግን ማን ይረግጠዋል? ብረቱ እየተገፋ በሽቦ ፔዳሉን የሚስብ ዓይነት አለ፣ እሱም ቢሆን ሞተሩ ስለማይሰራ ሰርቮው (የፍሬን ፔዳሉን የሚያቀለው ዕቃ) ከሞተሩ የሚያገኘውን የአየር መሳብ ኃይል፣ ቫኪዩሙን አያገኝም፣ ሰርቮ የሌለው ፔዳል ምን ያህል እንደሚከብድ ሞተር አጥፍቶ ቁልቁል የነዳ ያውቀዋል፣ አንድ ሁለቴ ከረገጥከው በኋላ ድንጋይ ነው የሚሆነው። በዛ ላይ በፈረንጆች ከ1988 ጥቅምት ወዲህ ያለው ደንብ እየተገፋ የሚይዝ ፍሬን ያለው ተሳቢ ወደኋላ ሲሄድ ፍሬኑ እየያዘ እንዳያስቸግር ተብሎ መሰራት አለበት ይላል፣ ተራው የብረት ዓይነት ይሄን አያሟላም። የራሱ ፓምፕ ኖሮት ፔዳሉን በኤሌክትሪክ የሚረግጥ አለ፣ እሱ ደህና ነው፣ ግን ለአንድ ቀን ጉዞ ብለህ አታስገጥመውም።

ናቲ_ጎማው፦
ጋሽዬ እግዜር ይስጥልኝ፣ ይሄን ያህል መስሎኝ አልነበረም። እና በካቦ ቢሆንስ? ጓደኛዬ ከኋላ ተቀምጦ ፍሬኑን እሱ ይረግጣል፣ ያ አይሆንም?

ሰላም_በመንገድ፦
ናቲ በካቦ ሲሆን ከኋላ ያለው ሰው ሹፌር ነው፣ መንጃ ፈቃድ ያስፈልገዋል፣ መኪናዋም ኢንሹራንስና ዓመታዊ ምርመራ ሊኖራት ይገባል ምክንያቱም መንገድ ላይ ያለች መኪና ናት። ካቦው ከ4.5 ሜትር መርዘም የለበትም፣ ከ1.5 ሜትር ካለፈ ደግሞ ከጎን ለሚያይ ሰው እንዲታይ ጨርቅ ነገር ይታሰርበታል። እንዲህ ሆኖ ግን 60 ማይል?? እባክህ ተወው። ያ ሰውዬ ያለ ሰርቮ በእግሩ ጉልበት ብቻ ነው የሚይዘው፣ መሪውም ያለ ሞተር ይከብዳል፣ አንተ ድንገት ብትይዝ በአራት ሜትር ርቀት ውስጥ ምን ሊያደርግ ይችላል? ካቦ የተበላሸችን መኪና ከመንገድ ላይ አንስቶ ቅርብ ወዳለ ቦታ ለማድረስ ነው የተሰራው። ያ የፊት ሁለቱን ጎማ የሚያነሳው ባለ ሁለት ጎማ ጋሪም እንደዛው ነው፣ የተበላሸች መኪና ወደ ቅርብ ቦታ ለማውጣት ነው፣ በሱ ስትጎትት እንግሊዝ ውስጥ ሞተርዌይ ላይ 40 ማይል ሌላው መንገድ ላይ 20 ማይል በሰዓት ነው የተፈቀደው።

ፎሌ27፦
ስለ ካምቢዮም አንድ ነገር ልጨምር፣ አውቶማቲክ ከሆነች ፎሌ (ከማርሽ ውጭ) አድርጌ በጎማዋ እጎትታታለሁ እንዳትል። የካምቢዮው ዘይት ፓምፕ የሚዞረው በሞተር ነው፣ ሞተሩ ቆሞ ጎማው ሲዞር ውስጡ ዘይት ሳያገኝ ይፋጫል። ባለ አራት ጎማ ኃይልም ከሆነች ሁለቱን አንስተህ ሁለቱን መሬት ላይ መተው ዲፈረንሻሉን ይጨርሰዋል። ኤሌክትሪክ መኪና ደግሞ ጭራሽ፣ ጎማው ሲዞር ሞተሩ ኃይል ማመንጨት ይጀምራል። ስለዚህ ተሳቢ ላይ ሙሉ በሙሉ ጫናት፣ ከነጎማዋ ከመሬት ትነሳ። ያኔ ጭነት ናት፣ ታክስና ምርመራ አያስፈልጋትም፣ ተሳቢው የራሱ ፍሬን አለው፣ ነገሩ አለቀ።

ጋሽ_ካምቢዮ፦
ፎሌ ልክ ነህ ግን አላለቀም፣ ክብደቱ ገና ነው። ናቲ የመኪናህን በር ከፍተህ ወይ ከኮፈኑ ስር ያለውን የሻንሲ ቁጥር ሳህን እይ። ከቁጥሩ ስር አራት ክብደት ተጽፏል። የመጀመሪያው መኪናዋ ከነጭነቷ ልትመዝን የምትችለው ነው፣ ሁለተኛው መኪናዋና ተሳቢው አንድ ላይ ነው፣ ሦስተኛና አራተኛው የፊትና የኋላ አክስል ናቸው። ከሁለተኛው ላይ የመጀመሪያውን ስትቀንስ ብዙ ጊዜ የምትጎትተው ጣሪያ ይመጣልሃል፣ ማኑዋሉም ላይ ለብቻው ይጽፈዋል። ሁለተኛው ቁጥር ከሌለ ፋብሪካው መጎተት አልፈቀደላትም ማለት ነው፣ ጋንቾ ስለተገጠመላት አትታለል።

ናቲ_ጎማው፦
አየሁት አሁን፣ 1,950 እና 3,350 ይላል። ስለዚህ 1,400 ነው አይደል? መኪናዋ 1,050 ስለሆነች 350 ይተርፈኛል።

ጋሽ_ካምቢዮ፦
የተሳቢውን ክብደት ረሳኸው ወንድሜ። መኪና የሚጭን ተሳቢ ባዶውን 400ም 500ም 600ም የሚሆን አለ። 450 ኪሎ የሆነ ብታገኝ እንኳ 1,500 ሆነ፣ 100 ኪሎ አለፍክ። መኪናዋ ውስጥ ትርፍ ጎማና ዕቃ ካለ ደግሞ ጨምርበት። እኔ ብሆን ወይ ትልቅ ጎታች መኪና እፈልጋለሁ ወይ ጭኖ ለሚያደርስ ባለሙያ እሰጣለሁ። የኔ መኪና ባዶ ናት፣ ድምሩ 3,350 አይሞላም የሚል ሰው ይመጣል፣ አይሰራም፣ 1,400 ለብቻው ጣሪያ ነው፣ የቁልቁለት ፍሬንና የዳገት አነሳስ ታስቦ የተሰጠ ነው። የምትጎትተው የመኪናህን ባዶ ክብደት 85 በመቶ አይለፍ የሚልም ምክር አለ፣ ሕግ ባይሆንም ላንተ 1,230 አካባቢ ይመጣል፣ ልምድ ለሌለው ሰው እሱን ብትይዝ ይሻላል።

የበርሊኗ፦
ለአውሮፓ ኅብረት አንባቢዎች ልጨምር ምክንያቱም መንጃ ፈቃዱ ላይ ይለያያል። እንግሊዝ በፈረንጆች ከ2021 ታኅሣሥ ወዲህ ተራ መንጃ ፈቃድ ያለው እስከ 3,500 ኪሎ ተሳቢ መጎተት ይችላል፣ እዚህ ግን በቢ ፈቃድ ከ750 በላይ የሆነ ተሳቢ የሚፈቀደው ድምሩ ከ3,500 ካላለፈ ብቻ ነው፣ ከዛ በላይ እስከ 4,250 ቢ96፣ ከዛም ካለፈ ቢኢ። ደግሞ የሚቆጠረው በወረቀቱ ላይ ያለው ከፍተኛው ክብደት ነው፣ ባዶ ብትጎትተውም ያው ነው። ጀርመን ውስጥ የተበላሸች መኪና ስትጎትቱ ሁለቱም መኪና ላይ የአደጋ መብራቱ ይበራል፣ አውቶባን (የጀርመን ፈጣን መንገድ) ላይ ከተበላሸች በሚቀጥለው መውጫ መውጣት ነው፣ ከውጭ ጎትታችሁ መግባት አይቻልም።

ናቲ_ጎማው፦
እሺ ገብቶኛል። የአጎቴ ልጅ ትልቅ ጂፕ አለው፣ ሳህኑን አይቼ ከበቃ በሱ ልጎትት ነው። ተሳቢው ላይ ስጭን ልጠንቀቅ የሚገባኝ ካለ ንገሩኝ።

ፎሌ27፦
የሞተሩን ጎን ከፊት አድርገህ ጫናት፣ ክብደቱ ከተሳቢው አክስል ትንሽ ወደፊት ይሁን፣ ጋንቾው ላይ የሚያርፈው ከጠቅላላው 5 እስከ 7 በመቶ ያህል ቢሆን ጥሩ ነው ግን የጋንቾውን ጣሪያ ሳታልፍ፣ ጣሪያው ጋንቾው ላይ ተጽፏል። ወደኋላ ካደላ ተሳቢው በፍጥነት ላይ ጭራውን መቁላት ይጀምራል፣ ከጀመረ ፍሬን አትርገጥ፣ ነዳጁን ልቀቅና መሪውን ቀጥ አድርገህ ያዝ። አራቱንም ጎማ በቀበቶ እሰር፣ እጅ ፍሬን ያዝ፣ ማርሽ ውስጥ አስገባ። ያቺን የማምለጫ ሽቦ ከጎታቹ መኪና ጋር ማሰር እንዳትረሳ፣ ተሳቢው ቢላቀቅ ፍሬኑን የምትስበው እሷ ናት። ስቶፕ መብራትና ፍሬቻውን ሰው አቁመህ ፈትሽ፣ ከተሳቢው ኋላ የሚለጠፈው ታርጋ የጂፑ ነው። 5 ማይል ያህል ከሄድክ በኋላ ቁምና ቀበቶውን እንደገና ጠበቅ አድርገው፣ ጎማና ሱስታው ሲረጋጋ ይላላል።