ለወንድሜ ኤስኤቲ ነው ኤሲቲ? ለሁሉም የሚበቃ ገንዘብ የለንም

እህቱ_ነኝ
ሰላም ለሁላችሁ። ወንድሜ ሐዋሳ 11ኛ ክፍል ነው። ሒሳብና ፊዚክስ ላይ በጣም ጎበዝ ነው። አሜሪካ ሙሉ ስኮላርሺፕ የሚሰጡ ትልልቅ ዩኒቨርሲቲዎች ማመልከት ይፈልጋል። እኔ ዱባይ ነው የምሠራው፣ ክፍያውም በእኔ ነው። ግን የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተናዎቹ ላይ ግራ ገባኝ። አንዱ ኤስኤቲ ይላል፣ ሌላው ኤሲቲ ይቀላል ይላል፣ ሰፈራቸው ያለ አስጠኚ ደግሞ ሁለቱንም፣ ቶፍል ከሚባለው የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና ጋር አስመዝግቢው አለኝ። ይባስ ብሎ አንድ የማውቀው ሰው "ከኮሮና ወዲህ ፈተና ቀርቷል" ይለኛል። የቱን ልመን? የ12ኛ ክፍል ውጤቱስ ብቻውን አይበቃም ወይ?

ከቦስተን
እህቴ፣ ገንዘቡን ለጊዜው ያዥው። መጀመሪያ ልጁ የሚያመለክትባቸውን ዩኒቨርሲቲዎች ቁጭ ብሎ ይጻፍ፣ የፈተናው ነገር ከዚያ በኋላ ነው የሚወሰነው።

"ቀርቷል" ያለሽ ሰው የያዘው የ2020ውን ወሬ ነው። ያኔ እውነትም አብዛኞቹ አማራጭ አድርገውት ነበር፣ ውጤቱን የፈለገ ይልካል፣ ያልፈለገ ይተዋል። ኤምአይቲ ግን በ2022 ግዴታነቱን መለሰ፣ በ2024 ደግሞ ዳርትማውዝ፣ ዬል፣ ብራውን፣ ሃርቫርድና ካልቴክ ተከታትለው መለሱት። ኮሎምቢያ አማራጭ እንደሆነ ነው። ቦውዶይን ከ1969 ጀምሮ አማራጭ ነው፣ ኮሮና ከመምጣቱ ከስንት ዘመን በፊት! እነ በርክሌይ ያሉበት የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ውጤት ብትልኩለትም ለቅበላ አያየውም። እሱ ለውጭ ተማሪ የሚሰጠው እርዳታ እዚህ ግባ የሚባል ስላልሆነ ለእናንተ ብዙም አይሆንም።

አንድ ነገር ግን ከአሁኑ ይግባሽ። እነዚህ ትልልቆቹ "ኤስኤቲ ከ1600 1550 አመጣህ፣ እንካ ስኮላርሺፕ" አይሉም። መጀመሪያ መቀበል አለ፣ ከዚያ የቤተሰብ አቅም ተሰልቶ የጎደለው ይሞላል። ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን፣ ኤምአይቲ፣ ዳርትማውዝ፣ አምኸርስትና ቦውዶይን የውጭ ተማሪም ቢሆን መክፈል መቻል አለመቻሉን ሳያዩ ነው ለመቀበል የሚወስኑት። ዝርዝሩን ከእነዚህ ይጀምር።

የሒሳብ_መምህር
አዲስ አበባ አስተምራለሁ። ሁለቱን አታስፈትኑት፣ በከንቱ ነው የምትከፍሉት። ሁለቱንም የሚቀበል ዩኒቨርሲቲ አንዱን ከሌላው አያበላልጥም። ቤቱ ቁጭ ብሎ፣ ስልኩን አጥፍቶ፣ ሰዓት ይዞ የሁለቱንም ነፃ መለማመጃ ይሥራና የተሻለ ያመጣበትን ይያዝ። ያ ብቻ በቂ ነው።

እንደማየው ከሆነ ግን ለእኛ ልጆች አብዛኛውን ጊዜ ኤስኤቲው ይመቻቸዋል። ምክንያቱ ንባቡ ነው። በ2023 ለውጭ አገር ተፈታኞች በኮምፒውተር ከሆነ ወዲህ ረጅም ምንባብ የለውም። እያንዳንዱ ጥያቄ የራሱ አጭር አንቀጽ አለው፣ ቢበዛ 150 ቃል ቢሆን ነው። ኤሲቲ ረጅም ጽሑፍ ይሰጥና ጥያቄ ይደረድርበታል፣ ሰዓቱም ያጣድፋል። ልጆቻችን ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ ነው የሚማሩት፣ መረዳቱ አያቅታቸውም፣ ፍጥነቱ ግን ይጥላቸዋል።

ሒሳቡ ከ1600ው 800 ይይዛል። ይዘቱ ለወንድምሽ አይከብደውም። የእኛ ልጆች ችግር ሁሉንም በእጅ መሥራታቸው ነው፣ ትምህርት ቤት ካልኩሌተር ስለማያስነኩን። ፈተናው ውስጥ ዴስሞስ የሚባል ግራፍ የሚሠራ ካልኩሌተር አለ። ለምሳሌ "ይህ ቀጥታ መስመር ያንን ፓራቦላ አንድ ቦታ ብቻ ቢነካ የቋሚው ዋጋ ስንት ነው" ይላል። ልጁ ወረቀቱን በስሌት ሲሞላ ደቂቃው ያልቃል። ዴስሞስ ላይ ሁለቱን ጽፎ ቋሚውን ወዲያ ወዲህ ቢያንሸራትት እኮ መስመሩ ሲነካ በዓይኑ ያየዋል። ይህን ከአሁኑ ይልመድ። ደግሞ ሒሳቡ በሁለት ክፍል ስለሚመጣ የመጀመሪያው ክፍል 22 ጥያቄ ላይ አይቸኩል፣ የሁለተኛው ክፍል ክብደት የሚወሰነው በእሱ ነው።

መለማመጃው ብሉቡክ በሚባለው መተግበሪያ ላይ በነፃ አለ፣ ካን አካዳሚ የሚባለው ድረ ገጽም በነፃ ያስተምራል። አስጠኚው ይቅርባችሁ። ፈተናው በስልክ አይሆንም፣ ላፕቶፕ ወይም ታብሌት ይፈልጋል። ኔት መሃል ላይ ቢቋረጥ አትጨነቁ፣ ሲጀመርና ሲላክ ካለ ይበቃል።

ፈተና_ይብቃ
እኔ ያለ ምንም ፈተና ነው የገባሁት፣ ሙሉ እርዳታ ይዤ። አማራጭ ያደረጉት ላይ ብቻ ያመልክት። ከ100 ዶላር በላይ ከፍሎ፣ ከሐዋሳ አዲስ አበባ መጥቶ አድሮ… ለምን? ያን ገንዘብ ለላፕቶፕ አድርጊው።

ከቦስተን
@ፈተና_ይብቃ እንኳን ደስ አለህ፣ ከልቤ ነው። ግን ለዚህ ልጅ አልመክረውም። አሜሪካ ኒው ሃምፕሸር፣ ዳርትማውዝ ቁጭ ብሎ የአመልካቾችን ፋይል የሚያነብ ሰው የሐዋሳ ካርድ ላይ ያለው 95 ምን ማለት እንደሆነ በምን ያውቃል? ዳርትማውዝ ፈተናውን ከመመለሱ በፊት የራሱ መምህራን አጥንተውት ነበር። ዝቅተኛ ገቢ ካላቸው ቤተሰቦች የመጡ አንዳንድ አመልካቾች፣ ቢልኩት ይጠቅማቸው የነበረን ውጤት "አነስተኛ ነው" ብለው ደብቀውት ተገኘ። የሚታየው እኮ ልጁ ከመጣበት አካባቢ አንፃር ነው። ሒሳብ ላይ ጎበዝ የሆነ ልጅ ያን የሚያሳይለትን ወረቀት ለምን ይተዋል?

የ12ኛ ክፍሉን ጠይቀሽ ነበር። ዳርትማውዝ ከውጭ አገር ትምህርት ቤት ለሚመጡ ብሔራዊ ፈተናን ይቀበላል። ሃርቫርድም ኤስኤቲ ማግኘት ላልቻለ ሰው እንደዚያው። ችግሩ ጊዜው ነው። ማመልከቻው ታኅሣሥ መጨረሻ ገደማ ይዘጋል፣ የእኛ ፈተና ደግሞ ገና በክረምት ነው። 12ኛ ክፍል እያለ ካመለከተ የሚልከው ውጤት የለውም። ጨርሶ አንድ ዓመት ቆይቶ የሚያመለክት ከሆነ ግን ይጠቅመዋል።

እህቱ_ነኝ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ በጣም ነው ያቀለላችሁልኝ። ኤስኤቲ ብቻ ይፈተናል በቃ። ቶፍሉስ? ደግሞ መቼ ላስመዝግበው?

የሒሳብ_መምህር
የግንቦቱን ይውሰድና ካልበቃው ነሐሴ ላይ ይድገመው፣ ብዙዎቹ ከሁለቱ የተሻለውን ነው የሚያዩለት። ቦታው ቶሎ ስለሚሞላ ዛሬ ነገ አትበይ። ከፈተናው ክፍያ ነፃ መሆን የሚባለው አሜሪካ ላሉ ተማሪዎች ነው፣ አትልፊበት፣ የዱባይ ካርድሽ ይበቃል።

ለቶፍል አሁን አትክፈዪ። ሃርቫርድ የእንግሊዝኛ ፈተና አይጠይቅም። ከሚጠይቁት ብዙዎቹ ዱኦሊንጎ የሚባለውን የእንግሊዝኛ ፈተና ይቀበላሉ፣ ቤት ሆኖ ነው የሚፈተነው፣ ዋጋውም ከቶፍል በጣም ያንሳል። እሱ ግን እንደ ብሉቡክ ኔት ሲቋረጥ አይታገስም፣ መብራትና ኔት የሚታመንበት ጸጥ ያለ ክፍል ይፈልግ።

ስትመዘግቢው ስሙን ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው ፊደል በፊደል ሙዪው። የአባትና የአያት ስም ቦታ ተቀያይሮ በር ላይ ጭቅጭቅ ውስጥ የገባ ልጅ አይቻለሁ። ፓስፖርት ከሌለው እሱን ዛሬውኑ አስጀምሪው።