ማጥ፣ አረንቋ፣ ረግረግ፣ ጨፌ፦ አንድ ናቸው እንዴ?

ጥያቄ፦ ሰላም ቤቶች። ልጄን ሳይንስ እያስጠናሁት ነበር። የሚያጠናበት ጽሑፍ ውሃ ያዘለውን መሬት ሁሉ «ረግረግ» ይለዋል። ደሴ ያደገችው እናቴ ሰምታ «ጨፌና ማጥን ምን አገናኛቸው?» ብላ ተቆጣች። ልዩነቱን የሚያስረዳኝ አለ?

መልስ፦ እህቴ፣ እናትሽ ልክ ናቸው። እኔ የኮምቦልቻ ልጅ ነኝ፤ እኛ ጋ እነዚህን የሚያምታታ እረኛ የለም።

ማጥ እግር የሚውጥ ጭቃ ነው። ላዩ ደረቅ ይመስላል። ስትረግጪው ግን እስከ ጉልበትሽ ትገቢያለሽ፤ እግርሽን ስትነቅይ ጫማሽ እዚያው ይቀራል። በሬ ከገባበት መንደሩ ተጠራርቶ በገመድ ነው የሚያወጣው። አሁን «ከድጡ ወደ ማጡ» የሚለውን እዪው። ድጥ ያንሸራትታል፤ ትወድቂያለሽ፣ ትነሻለሽ። ማጥ ግን ይዞ ያስቀራል። የአባባሉ ጉልበት ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ሁለቱን እንደ አንድ ቃል ስንጠቀምባቸው በጣም ይቆጨኛል።

አረንቋ የማጥ ወንድም ነው። ዛሬ በብዛት የምንሰማው «የድህነት አረንቋ» ሲባል ነው።

ረግረግ ሰፊው ስም ነው። «ያረገርጋል» ከሚለው ጋር የሚዛመድ ይመስለኛል፤ መሬቱ ከእግር ሥር እንደ ፍራሽ ዝቅ ከፍ ይላል።

ጨፌ ግን ሌላ ነው። ውሃ የጠገበ፣ ሣርና ቄጤማ የሞላበት ሜዳ ነው። ሌላው መስክ በበጋ ሲነድ እሱ አረንጓዴ ነው። በኦሮምኛ ጨፌ ሸንጎም ማለት ነው፤ ሰው የሚሰበሰበው ለምለም ሜዳ ላይ ነበርና። ከኮምቦልቻ ወደ ከሚሴ ስትወርጂ ቦርከና ወንዝ ተንጣሎ የሚተኛበትን ጨፋን አስቢ። ስሙ ራሱ ይናገራል። በድርቅ ወራት አፋሮች ከብቶቻቸውን ይዘው የሚመጡት ወደዚያ ነው። ይህን «ማጥ» ያለ ሰው ቦታውን አያውቀውም።

ሌላ አባል፦ በሳይንሱስ እንዴት ይከፈላል?

መልስ፦ ዋናው መለያ የሚበቅልበት ነገርና የውሃው ምንጭ ነው። ሣር፣ ቄጤማና ፊላ የሚበዛበት አንድ ዓይነት ነው፤ የኛ ጨፌ እዚህ ይገባል። ዛፍ የሚበዛበት ሌላ ነው። በቀዝቃዛ አገሮች ደግሞ ውሃውን ከዝናብ ብቻ የሚያገኝ አለ። አፈሩ ኮምጣጣ ስለሆነና አየር ስለሌለው የሞተው ተክል ቶሎ አይበሰብስም፤ በሺህ ዓመታት እየተነባበረ ይወፍራል። የባሕር ማዕበል ወጣ ገባ የሚልበት ጨዋማውም ራሱን የቻለ ነው። ጨፌው ሥራ ላይ ነው፦ ጎርፉ ሣሩ ውስጥ ሲገባ ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ ደለሉን ይጥላል፣ ውሃው ጠርቶ ይወጣል። ቦይ ቆፍረው ሲያደርቁት ይህ ሁሉ ይቀራል፤ ቄጤማውም አብሮ ይጠፋል።

ጠያቂዋ፦ እናቴን አነበብኩላት። «ቄጤማ» ስትሰማ ፈገግ አለች። ለቀዳም ስዑር ራሳቸው ላይ የሚያስሩትን በልጅነቷ ከጨፌ ዳር አጭዳ ታመጣ ነበር። ሥሩን መንቀል ክልክል ነው፣ ከላይ ብቻ ነው የሚታጨደው አለችኝ። ለልጄ ግን ዛፍ ያለበትን ምን ልበለው?

መልስ፦ «ዛፍ ያለበት ረግረግ» በይው፣ ይገባዋል። ሣር ያለበትን ግን አደራ፣ ጨፌ በይው።