ፈርነስ ማሠራት ስንት ያስወጣል? ሚኒሶታ ቤት ለገዛችሁ

ጠያቂ፣ ብሉሚንግተን፦
ሰላም ለሁላችሁ። ብርዱ ሳይጠና መረጃ ብናሰባስብ ብዬ ነው። የጋዝ ፈርነስ (ቤቱን የሚያሞቀው መሣሪያ) ቢቆም ለማሠራት ተገቢው ዋጋ ስንት ነው? ሰው ከመጥራታችን በፊት ራሳችን ምን ማየት እንችላለን? «ይሄ አይጠገንም፣ ቀይሩት» ሲባልስ እንዴት ይጣራል? ሙያው ያላችሁ ብትጽፉልን ብዙ ቤተሰብ ይጠቀማል።

ቴክኒሻን፣ ብሩክሊን ፓርክ፦
ሰላም። ከዋጋው በፊት ፈርነሱ እንዴት እንደሚነሳ እወቁ፤ የት ላይ እንደቆመ ካወቃችሁ የሚያታልላችሁ አይኖርም። ቴርሞስታቱ ሙቀት ሲጠይቅ መጀመሪያ የምትሰሙት የትንሿን ሞተር ድምፅ ነው። ኢንዱሰር ትባላለች፤ የተቃጠለውን ጋዝ ወደ ውጭ የምታስወጣው እሷ ናት። አየሩ በትክክል መውጣቱን ፕሬዠር ስዊች ያረጋግጣል። ከዚያ ኢግናይተሩ እንደ ኤሌክትሪክ ምድጃ ሽቦ ይቀላል፣ ጋዙ ይከፈታል፣ እሳቱ ይያያዛል። ፍሌም ሴንሰሩ እሳት መኖሩን ካላወቀ ጋዙ በጥቂት ሰከንድ ይዘጋል። እሳቱ ከጸና ግማሽ ደቂቃ ያህል ቆይቶ ትልቁ ብሎወር ሞቃቱን አየር ወደ ክፍሎቹ ይነፋል።

ስልክ ከማንሳታችሁ በፊት እነዚህን እዩ። የቴርሞስታቱ ባትሪ አልቆ ይሆን? ከፈርነሱ አጠገብ የመብራት ማጥፊያ የሚመስል ስዊች አለ፤ ቤዝመንት ዕቃ ሲያወርድ ሰው ሳያውቀው ያጠፋዋል። ብሬከሩ ወድቆ እንደሆነ እዩ። ፊልተር ከቀየራችሁ በኋላ ከቆመ ደግሞ የታችኛውን በር ተጭናችሁ ግጠሙ፤ በሩ በደንብ ካልተዘጋ ውስጡ ያለው ስዊች ኃይል አያሳልፍም።

በበሩ ላይ ባለችው ትንሽ መስታወት ስታዩ ብልጭ ድርግም የምትል መብራት አለች። ስንት ጊዜ ብልጭ እንዳለች ቁጠሩ፤ ትርጉሙ በሩ ውስጠኛ ገጽ ላይ በሠንጠረዥ ተለጥፏል። ቁጥሩን ለቴክኒሻኑ በስልክ ብትነግሩት ዕቃውን ይዞ ይመጣል፤ ሁለት ጊዜ አትከፍሉም።

አሁን ወደ ዋጋው። የምጽፈው ዕቃና ሌበር (የሠራተኛው ዋጋ) ተደምሮ፣ በሥራ ሰዓት፣ በግምት ነው። መጥቶ ለመመርመር ከ80 እስከ 150 ዶላር፤ ማታና በዓል ሲሆን እጥፍ ሊጠጋ ይችላል። ሥራውን ለእነሱ ከሰጣችሁ የምርመራውን ከሂሳቡ ይቀንሱ እንደሆነ ቀድማችሁ ጠይቁ። ፍሌም ሴንሰር ከ100 እስከ 250። ኢግናይተር ከ150 እስከ 400፣ ዕቃው ብቻውን ግን ከ20 እስከ 70 ዶላር ነው። ኮንትሮል ቦርድ፣ ማለትም ፈርነሱን የሚያዘው የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ፣ ከ400 እስከ 800። ኢንዱሰር ከ500 እስከ 1,000። ብሎወር ሞተር ሁለት ዓይነት ነው፤ የድሮው ከ400 እስከ 800፣ ፍጥነቱን ራሱ የሚለዋውጠው ኢሲኤም ከ900 እስከ 1,800፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ። የድሮው ሞተር እያጉረመረመ ካልዞረ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ሞተሩ እንዲነሳ የሚረዳው የካፓሲተሩ ነው። ካፓሲተሩ ከ10 እስከ 25 ዶላር የሚሸጥ ዕቃ ስለሆነ ሞተር ከማስቀየራችሁ በፊት ተለክቶ ይሆን ብላችሁ ጠይቁ።

ቦርዱም ላይ እንደ መኪና ፊውዝ ያለች ትንሽ ፊውዝ አለች፤ ባለ 3 አምፔሯ ወይን ጠጅ፣ ባለ 5ቷ ፈዛዛ ቡናማ ናት። እሷ ተቃጥላ ሙሉ ቦርድ የሚቀየርበት ጊዜ አለ፤ ይሄ ያናድዳል። ፊውዟ ግን በከንቱ አትቃጠልም፤ የተነካካ ሽቦ መፈለግ አለበት።

እሳቱ በርቶ ወዲያው ከጠፋ፣ ይህም ሁለት ሦስት ጊዜ ከተደጋገመ፣ ፍሌም ሴንሰሩን ጠርጥሩ። ፖርሴሊን እጀታ ያለው ቀጭን የብረት ዘንግ ነው፤ የያዘው አንድ ብሎን ነው። ኤሌክትሪኩን አጥፍታችሁ፣ ፈትታችሁ፣ በደቃቅ ስቲል ዉል ጠርጋችሁ መልሱት። ሳሙና ያለበት የድስት መፈተጊያ አይሆንም። በዚያው አጋጣሚ ኢግናይተሩን በጣት እንዳትነኩ፤ ተሰባሪ ነው፣ የእጅ ቅባትም ዕድሜውን ያሳጥረዋል።

ፕሬዠር ስዊች ተበላሽቷል ከተባላችሁ ቶሎ አትመኑ። ስዊቹ አብዛኛውን ጊዜ ሥራውን እየሠራ ነው፤ ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። ነጭ የፕላስቲክ ቱቦ በግድግዳ የሚወጣለት ፈርነስ ካላችሁ ሁለት ነገር ይዘጋዋል። አንዱ በረዶ ነው፤ ስኖው ከወረደ ወጥታችሁ አየር በሚያስገባውና ጭስ በሚያስወጣው ቱቦ ዙሪያ ያለውን ጥረጉ። ሌላው ፈርነሱ የሚያንጠባጥበው ውሃ ነው፤ የሚወርድበት ቀጭን ቱቦ አተላ ይዞ ሲደፈን ውሃው ወደ ውስጥ ይጠራቀምና ስዊቹ ያስቆመዋል። ቱቦውን ሳያጸዱ ስዊች መቀየር በሳምንቱ እንደገና መክፈል ነው።

የቤት ኢንስፔክተር፣ ሴንት ፖል፦
እኔ «ቀይሩት» ስለሚባለው ልጨምር። በጣም የሚያስፈራው ቃል «ሂት ኤክስቼንጀሩ ተሰንጥቋል» የሚለው ነው። ኤክስቼንጀሩ የተቃጠለውን ጋዝ ከቤቱ አየር ለይቶ ሙቀቱን ብቻ የሚያስተላልፈው የብረት ክፍል ነው። እውነት ሲሆን አደገኛ ነው፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው ሽታ የሌለው መርዛማ ጋዝ ከምትተነፍሱት አየር ጋር ሊቀላቀል ይችላል። ግን የሚሸጥበትም ቃል ነው። ስለዚህ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ የስንጥቁን ፎቶ ወይም በካሜራ የተነሳ ቪዲዮ፣ የካርቦን ሞኖክሳይዱን ልኬት በቁጥር፣ የፈርነሱን ሞዴልና ሲሪያል ቁጥር የያዘ የጽሑፍ ሪፖርት። ማስረጃ ያለው ሰው ይህን ለማሳየት አያንገራግርም። ፈርነሱን አጥፍታችሁ ሌላ ባለሙያ አስመጡ፤ በዚያው ቀን አትፈርሙ።

ኤክስቼንጀሩ ብዙ ጊዜ 20 ዓመት ወይም የዕድሜ ልክ ዋራንቲ አለው፤ ሙሉ ዘመኑ ግን አብዛኛውን ጊዜ ለመጀመሪያው ባለቤት ነው፣ ሌበርንም አይሸፍንም። ማስቀየሩ ከሌበር ጋር ከ1,500 እስከ 3,500 ዶላር ሊደርስ ይችላል። ፈርነሱ 15 ዓመት ካለፈው ይህን ገንዘብ ማውጣት አልመክርም፤ አዲሱ ከነተከላው ከ4,000 እስከ 8,000 ይሆናል። 8 ዓመት ላይ ያለ ከሆነ ግን መጠገኑ ያዋጣል።

ዕድሜውን ከሲሪያሉ ታነባላችሁ። ጉድማን ከሆነ መጀመሪያዎቹ ሁለት አኃዞች ዓመቱ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወሩ ናቸው፤ 1703 ማለት ማርች 2017 ነው። ኬሪየርና ብራያንት መጀመሪያ ሳምንቱን፣ ቀጥሎ ዓመቱን ይጽፋሉ።

ሻጭ «የፌዴራል ታክስ ክሬዲት ታገኛላችሁ» ካላችሁ ተጠንቀቁ፤ እስከ 600 ዶላር ይሰጥ የነበረው ከዲሴምበር 31፣ 2025 በኋላ ለተተከለ ፈርነስ የለም። የጋዝ ኩባንያችሁን ሪቤት (የገንዘብ ተመላሽ) ግን ጠይቁ።

ማመልከቻ የሚያስሞላ፣ ሚኒያፖሊስ፦
ብዙ ወገኖቻችን የማያውቁትን ልንገራችሁ። የሚኒሶታ ኢነርጂ አሲስታንስ ፕሮግራም የጋዝ ቢል ብቻ አይደለም የሚያግዘው፤ ገቢያቸው ለሚመጥን የቤት ባለቤቶች የተበላሸ ፈርነስም ያስጠግናል ወይም ያስቀይራል። መለኪያው ከስቴቱ መካከለኛ ገቢ 50 በመቶ ነው፣ በቤተሰብ ብዛት ይሰላል። ከፍላችሁ ካሠራችሁ በኋላ ከመጠየቅ ፈርነሱ እንደቆመ መደወል ይሻላል። የጋዝ ቢል ካልተከፈለ ደግሞ ከኦክቶበር 1 እስከ ኤፕሪል 30 ማሞቂያችሁ እንዳይቆረጥ በኮልድ ዌዘር ሩል (የክረምት ደንብ) ጥበቃ አለ፤ ግን ደውላችሁ የክፍያ ስምምነት ካላደረጋችሁ አይሠራም።

ሆም ዋራንቲ (የቤት መሣሪያዎች ጥገና ውል) ያላችሁ የፊልተርና የዓመታዊ ሰርቪስ ደረሰኝ አስቀምጡ። «አልተንከባከባችሁትም» ብሎ መከልከል የተለመደ ነው።

ጠያቂ፣ ብሉሚንግተን፦
እግዚአብሔር ይስጥልን። ፊልተር በስንት ጊዜ ይቀየር? ወፍራም ጥሩ ነው የሚሉ አሉ።

ቴክኒሻን፣ ብሩክሊን ፓርክ፦
ባለ 1 ኢንች ከሆነ በየ1 እስከ 3 ወሩ። ቡና የሚቆላበት፣ ዕጣን የሚጨስበት፣ ቤዝመንት ውስጥ እንጀራ የሚጋገርበት ቤት በየወሩ አውጥታችሁ እዩት፤ ብርሃን ላይ ስትይዙት ካላሳየ ጊዜው አልፏል። ሜርቭ የፊልተር የማጥለል አቅም መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲጨምር ደቃቁን ይይዛል። በ1 ኢንች ቦታ ላይ ሜርቭ 13 ማስገባት ለብዙ ፈርነስ አየር ያሳጥረዋል፤ ይግላል፣ ሙቀት ሲበዛ የሚያስቆመው ሊሚት ስዊች ያጠፋዋል፣ ተመልሶ ይነሳል፣ ሞተሩንም ያደክማል። ሜርቭ 8 ይበቃል። የጤፍ ጆንያም ሆነ ሶፋ አየር የሚመለስበትን ቀዳዳ እንዳይዘጋ።

አደራ የምለው ግን ከሰል ነው። ቤት ውስጥ ለቡናም ለማሞቅም ከሰል አታያይዙ፣ ጋራዥም ቢሆን። የካርቦን ሞኖክሳይድ አላርም መኝታ ክፍሎች አጠገብ ይኑር፣ ጀርባው ላይ የተጻፈውን የማብቂያ ዓመት እዩ። ከጮኸ ሁሉም ሰው ይውጣ፣ ከውጭ 911 ይደወል። ጋዝ ከሸተታችሁ መብራት ሳታበሩም ሳታጠፉም ውጡ።

ማታ ቆሞ እስኪነጋ መጠበቅ ካለባችሁ ውጭኛው ግድግዳ ላይ ያሉ ቧንቧዎችን በቀጭኑ አንጠባጥቡ፣ የሲንክ ሥር ካቢኔቶችን ክፈቱ። ቤቱ ወደ 40 ዲግሪ ፋረንሃይት ከወረደ ዋናውን ውሃ ዝጉና ቧንቧዎቹን ከፍታችሁ አፍስሱ።