ሁለት ቋንቋ ነው ያዘገየው ወይስ ኦቲዝም?

ጠያቂ፦ የብርሃን እናት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ (ሜሪላንድ፣ አሜሪካ)
ጤና ይስጥልኝ። ልጄ 2 ዓመት ከ4 ወር ሆኖታል። ስሙን ስንጠራው አይዞርም፤ ውኃ ሲፈልግ በጣቱ በማሳየት ፈንታ እጄን ይዞ ወደ ማቀዝቀዣው ይወስደኛል፤ መኪና አሻንጉሊቱን ገልብጦም ጎማውን ብቻ ሲያሽከረክር ይውላል። ሐኪሙ የኦቲዝም ምርመራ ይደረግለት ብለዋል። ዘመዶች ግን «ወንድ ልጅ አፉን የሚፈታው ዘግይቶ ነው፤ ደግሞም ሁለት ቋንቋ ግራ አጋብቶታል፤ አማርኛውን ተዉት» ይሉናል። ቀኑን ሙሉ የምትይዘው እናቴ እንግሊዝኛ አትችልም። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ የንግግር ሕክምና ባለሙያ
እህቴ፣ ሁለት ቋንቋ መስማት ኦቲዝምን አያመጣም፤ ኦቲዝም ባለባቸው ልጆች ላይ የተደረጉ ጥናቶችም ሁለት ቋንቋ እድገታቸውን እንደሚጎዳ አላሳዩም። እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ ከንግግሩ ይልቅ አለመጠቆሙ ነው። አብዛኞቹ ልጆች 18 ወር ገደማ ሲሆናቸው የሚያልፍ አውሮፕላን በጣታቸው እያሳዩ፣ እኛም ማየታችንን ለማረጋገጥ ዞር ብለው ፊታችንን ይመለከታሉ፤ ይህ ደግሞ አማርኛም እንግሊዝኛም ስለማይጠይቅ በቋንቋ ሊመካኝ አይችልም። እርግጥ ነው፣ በዚህ ብቻ ኦቲዝም ነው ማለት አይቻልም። በር ሲንኳኳ ቢዞርም እንኳ ጆሮው በባለሙያ ይመርመር፤ አንዳንዱን ድምፅ እየሰማ ሌላው የሚያመልጠው ልጅ አለና። አያቱ አማርኛቸውን ይቀጥሉ፤ ሲያጥቡትና ሲያበሉት የሚያደርጉትን ባጭር ባጭሩ ይንገሩት።

መልስ፦ አባት ከሜሪላንድ
የልዩ ሐኪም ቀጠሮ ብዙ ወራት ሊወስድ ስለሚችል እሱን ብቻ አይጠብቁ። ከ3 ዓመት በታች ሆነው እድገታቸው ለዘገየ ልጆች ድጋፍ የሚሰጠውን «ኢንፋንትስ ኤንድ ቶድለርስ» የተባለ የግዛቱን ፕሮግራም ያለ ሐኪም ማዘዣ ራስዎ ደውለው መጠየቅ ይችላሉ፤ ግምገማው ነጻ ነው። በፌዴራሉ ሕግ መሠረት ጥያቄዎ ከደረሰበት ዕለት አንሥቶ በ45 ቀን ውስጥ ግምገማው ተጠናቆ፣ ልጁ ብቁ ከሆነ ለእሱና ለቤተሰቡ የሚሰጠው ድጋፍ የሚታቀድበት ስብሰባ መደረግ አለበት። የእድገት መዘግየቱ ከታየ የኦቲዝም ማረጋገጫ ወረቀት አይጠየቁም። ልጅዎ 3 ዓመት ሊሞላው 8 ወር ብቻ ስለቀረው ነገ ዛሬ አይበሉ፤ ሲደውሉም የአማርኛ አስተርጓሚ ይጠይቁ፣ እናትዎ በግምገማው ላይ ይገኙ፤ የቀን ውሎውን ከእሳቸው የበለጠ የሚያውቅ የለምና።

መልስ፦ ጽጌ፣ አዲስ አበባ
ዘመዶችዎን «ሐኪሙ ትክክል ነው» ብሎ መሟገት አያዋጣም፤ «ምርመራው ምንም ባያገኝ ምን እናጣለን?» ብለው ይጠይቋቸው። እዚህም ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከመሠረቱ ከ20 ዓመት በላይ ቢሆነውም፣ ልጁን ከጎረቤት ደብቆ የሚያሳድግ ቤተሰብ ገና አለ።