የጦርነት ዘመን የሬዲዮ ቤት ከመፍረሱ በፊት እንዴት ይመዝገብ?

ጥያቄ፦
ጤና ይስጥልኝ። በእንግሊዝ አገር፣ ሊንከንሻየር ውስጥ፣ ከምኖርበት መንደር አጠገብ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች ማረፊያ የነበረ ሜዳ አለ፤ ዛሬ አብዛኛው የስንዴ እርሻ ሆኗል። ከዋናው ማኮብኮቢያ ጫፍ አለፍ ብሎ ቁጥቋጦ የዋጠው አነስተኛ የጡብ ቤት ቆሟል፤ በጭጋግ የሚመለሱትን አውሮፕላኖች በሬዲዮ ጨረር እየመራ ያሳርፍ የነበረ ጣቢያ ይመስለኛል። ግድግዳው በአንድ ረድፍ ጡብ ብቻ የተሠራ በመሆኑ ልስኑ ረግፏል፤ ጣሪያውም በአንድ ጥግ ወርዷል። የመሬቱ ባለቤት እንድገባ ቢፈቅዱልኝም በቅርቡ ሊያፈርሱት አስበዋል። ውስጡ ባዶ ሲሆን ወለሉ ላይ ግን የዛጉ ብሎኖችና ጠባብ የሲሚንቶ ቦይ ይታያሉ። ለወደፊት ተመራማሪ የሚጠቅመው የትኛውን ብመዘግብ ነው?

ምላሽ 1፦
ብሎኖቹንና ቦዩን ልብ ማለትዎ ደስ አሰኝቶኛል፤ በእኔ እምነት ከግድግዳው ይልቅ ዋጋ ያላቸው እነርሱ ናቸው። መሣሪያው ከተነሣ ዘመናት ቢያልፉም ማሠራጫው የት ቆሞ እንደነበር፣ ገመዱም በየት ገብቶ በየት እንደወጣ የሚታወቀው በእነርሱ ነው። ወለሉን በቀስታ ጠርገው የእያንዳንዱን ብሎን ርቀት ከሁለት ማዕዘኖች ይለኩና በንድፍ ያስፍሩት። ግድግዳው ላይ ተጭሮ የተጻፈ ነገር ካለ የእጅ ባትሪ ከጎን አብርተው ፎቶ ያንሱት፤ ከፊት ሲበራበት የማይለየው ፊደል ያኔ ጎልቶ ይታያል።

ከዚያ ቀጥሎ የሚያስፈልገው የቤቱ አቀማመጥ ነው። እንግሊዞች የተጠቀሙበት የጨረር ማረፊያ ዘዴ መሠረቱ ሎሬንትስ የተባለው የበርሊን ኩባንያ በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የሠራው ሥርዓት ነው። ከማኮብኮቢያው የወዲያኛ ጫፍ የሚላከው ሞገድ በአንዱ ወገን አጫጭር፣ በሌላው ወገን ረዘም ያለ ምት ያሰማል፤ አብራሪው መሐል መስመሩን ሲይዝ ሁለቱ ተጋጥመው የማይቋረጥ አንድ ድምፅ ይሆናሉ። ጀርመኖች ያንኑ መርህ አጠናክረው፣ ክኒከባይን በሚባለው ሥርዓት፣ በ1940 ቦምብ ጣዮቻቸውን ወደ ብሪታንያ ከተሞች መርተውበታል፤ የራስን አብራሪ በደኅና ለማሳረፍ የተፈጠረ ዘዴ ለጥፋት መዋሉ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል። እንግዲህ ቤትዎ በማኮብኮቢያው መሐል መስመር ቀጥታ ላይ ካልዋለ የጨረሩ ዋና ማሠራጫ ለመሆኑ እጠራጠራለሁ።

ምላሽ 2፦
አቀማመጡን በስልክ ኮምፓስ እንዳይለኩ አደራ፤ በሕንፃው ውስጥ ያለ ብረት ያሳስተዋል። ከጦርነቱ በኋላ የብሪታንያ አየር ኃይል አገሩን ከላይ ፎቶ አንስቶ ስለነበር፣ የእንግሊዝ ቅርስ ጠባቂ ተቋም በሆነው በሂስቶሪክ ኢንግላንድ መዝገብ ቤት ያለውን ምስል አግኝተው መስመሩን እዚያ ላይ ማስመር ይሻላል። በ1940ዎቹ መግነጢሳዊው ሰሜን (ኮምፓስ የሚያመለክተው) በእንግሊዝ ከእውነተኛው ሰሜን ወደ ምዕራብ 10 ዲግሪ ገደማ ያዘነብል ነበር፤ ዛሬ ልዩነቱ እጅግ ጠብቧል። ስለዚህ በድሮ ሰነድ የተጻፈው የማረፊያ አቅጣጫ ከእርስዎ ልኬት ጋር ባይገጥም ስሕተት ነው ብለው አይጣሉት።

ቤቱ ከመስመሩ ውጪ ቢሆን ደግሞ የአቅጣጫ ማግኛ ጣቢያ መሆኑን ማሰብ ይገባል። በዚያ ሠራተኛው የአብራሪውን የሬዲዮ ጥሪ አዳምጦ ከየት እንደመጣ ይለይና የሚይዘውን አቅጣጫ ይነግረው ነበር።

ምላሽ 3፦
ከመለካትዎ በፊት ሁለት ነገር ይጠንቀቁ። የወረደው ክዳን አስቤስቶስ ሊሆን ስለሚችል አይስበሩት፣ አቧራውንም አያስነሡ፤ የሌሊት ወፍ ከሰፈረበት ደግሞ ማወክ በሕግ የተከለከለ ነው፣ ይህም አፍራሹን ጭምር ይመለከታል። የጣቢያው የሥራ መዝገብ ኪው በሚገኘው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት፣ ኤር 28 በተባለው ክፍል ሊገኝ ይችላል። ከ1995 እስከ 2002 በጎ ፈቃደኞች በመላው ብሪታንያ ወደ 20,000 የሚጠጉ የጦር ቅርሶችን መዝግበዋል፤ የእርስዎ ቤት በዚያ ውስጥ መኖሩን ይመልከቱ። ካልገባ ንድፉን፣ ፎቶዎቹንና የካርታ ነጥቡን በአንድነት ለአውራጃው የቅርስ መዝገብ ይላኩ፤ ቀን መጻፍዎንም አይርሱ።